የት ደረሱ? የጎንደር ተራኪዎችና የ1960ዎቹ ትውልድ ምስጢር

ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር የቀረውን የመጨረሻ ምሽጉን ጎንደርን አስረከበ። ጠላት በአምስቱ ዓመት ቆይታው ከፋሲል ግቢ ጎን ፒያሳን ሠርቶ፣ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ተክሎ ነበር። አርበኛው ከወገራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋና ከበለሳ ወርዶ ከተማዋን ሲረግጥ በአንድ በኩል የአባቶች ገድል፣ በሌላ በኩል የባዕድ ሥልጣኔ ምልክት ጎን ለጎን ቀሩ። የዚህ ትረካ ሁለት ባለቤቶች በእነዚህ መካከል ያደጉ የጎንደር ልጆች ናቸው። አንዱ ደራሲ ሆነ፣ ሌላው የፊልም ሰው። ሁለቱም አንድን ትውልድ የበላውን ዘመን ለመተረክ ዕድሜያቸውን ሰጡ።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ1926 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለደ። ነጻነት ሲመለስ ገና ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ላይ ነበር። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናትና የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው በቤተ ክህነት ሥርዓት ነው። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ ሄዶ ተግባረ እድ ተማረ። እጁ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ወደ ብዕሩ አደላ። በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» በሚል ርዕስ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ። «ድል ከሞት በኋላ»፣ «አማኑኤል ደርሶ መልስ» እና «ብር አምባር ሰበረልዎ» ተከታተሉ። እንጀራው ጋዜጠኝነት ነበር፤ በ«የዛሬይቱ ኢትዮጵያ» እና በ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅነት ሠርቷል። የጋዜጣው ሥራ የአጻጻፉ መለያ የሆነውን አጭርና ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር አስተማረው። ረጅምና የተጠላለፈ ሐተታ ለለመደ የዚያ ዘመን አንባቢ ይህ አዲስ ድምፅ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አወጣ። ይህ ታሪካዊ ልብ ወለድ ብቻውን የቆመ ሥራ አልነበረም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴዎድሮስን ለመድረክ አብቅተዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጽፎበታል፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ ጸሐፊ በአንድ ንጉሥ ላይ የተረባረበበት ምክንያት ነበረው። ሳንሱር ባለበት አገር በዙፋኑ ላይ ያለውን ንጉሥ መጠየቅ አይቻልም፤ የሞተውን መተረክ ግን ይቻላል። ከቋራ ተነሥቶ በክንዱ ዙፋን ላይ የወጣው ካሳ ኃይሉ፣ አገሩን በአንድ ትንፋሽ ለማዘመን የቸኮለውና ያሰበው ሳይሞላለት መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጡ የወደቀው ንጉሥ፣ ለውጥ ለናፈቀው ወጣት የራሱን ጥያቄ የሚያነሣበት ሰው ሆነለት። ታሪካዊው ልብ ወለድ በአማርኛ የፖለቲካ ጥያቄ መጠየቂያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ ጸሐፊና የተውኔት ሰው ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘው መጽሐፋቸው የጎንደር አርበኞችን ተጋድሎ የመዘገበ ነው። ልጃቸው በአባቱ ቲያትር እየተሳተፈ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ከትልልቆቹ ተረት እየሰማ አደገ። ከሲኒማ ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ተረት ይመጣ ነበር። ኃይሌ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የአርበኛ ልጅ ሆኖ ሳለ በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ የሚያጨበጭበው ለታርዛን ነበር፤ በአፍሪካውያኑ ላይ ለተነሣው ነጭ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገብተው በየክፍለ አገሩ ትምህርት ቤት ሲሰማሩ፣ የጎንደርም ልጅ እንግሊዝኛውን፣ ዘፈኑንና አለባበሱን በቅርብ አየ። ይህ የአባት ቤትና የሲኒማ ቤት ግጭት በኋላ የኃይሌ ሥራ ሁሉ መነሻ ሆነ።

የሰልፍ ዓመታት

የካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሰልፍ የተማሪ ሕይወት አካል ሆነ። በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቱ ፀጉሩን አስረዝሞ፣ ጊታር አንግቦ፣ የቬትናምን ጦርነት እየተቃወመ የወላጆቹን ሥርዓት ይሞግት ነበር። ኢትዮጵያም ከዚያ ነፋስ አልራቀችም። ጎፈሬው አፍሮ ተባለ፣ ከታች የሰፋ ሱሪ መጣ፤ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ከፍቶ የመንግሥትን ሞኖፖል ሰበረ፤ የአዲስ አበባም የምሽት ሕይወት ደመቀ።

ሆኖም የእኛ ወጣት አመፅ ከነሱ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነጥብ ነበረው። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎቹ በቁጣ ተነሡ፤ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ትምህርት ተቋረጠ። በለንደንና በፓሪስ አጭር ቀሚስ የአመፅ ምልክት ነበር፤ በስድስት ኪሎ ግን አመፁ የተነሣው በራሱ በአጭር ቀሚሱ ላይ ነው። ለተማሪው ትርኢቱ ገበሬው በሚራብበት አገር የመጣ የባዕድ ጌጥ ነበር። የምዕራቡ ወጣት ከወላጆቹ ምቾት ሲሸሽ የእኛ ወጣት ወላጆቹ ስላጡት መሬት ተቆጣ። መጽሐፉ ማርክስና ሌኒን፣ ዜማው መፈክር፣ ሕልሙ አብዮት ሆነ። ይህን ሳያዩ የዚያን ዘመን ወጣት መረዳት አይቻልም፤ ለምን እስከ ሞት እንደሄደም አይገባም።

ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንሥቶ በተማሪዎቹ መጽሔት ጻፈ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመታ። በማግሥቱ አስከሬኑን ለመሸኘት በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ክብር ዘበኛ ተኩሶ ሕይወት ጠፋ። ጥላሁንን ማን ተኮሰበት? ተማሪው ሁሉ ጣቱን ወደ መንግሥት ቀሰረ፤ የፍርድ አደባባይ ግን ለጥያቄው መልስ አልሰጠም። ገዳይ በሕግ ሳይጠየቅ ሟቹ ብቻ የሚታወቅበት ዘመን በዚህ ጥይት ተጀመረ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ደግሞ ዋለልኝ፣ ማርታ መብራህቱና ጓዶቻቸው አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ በአየር ላይ ተገደሉ።

በዚህ ጊዜ ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ገብቶ ቲያትር ማጥናት ጀመረ። ያገኘው አሜሪካ ግን በጎንደር ሲኒማ ቤት ያየው አልነበረም፤ ጥቁሮች ለሰብአዊ መብታቸው የሚታገሉበት፣ ከተሞች የሚነዱበት አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። እዚያም እንደ ቻርልስ በርኔት ካሉ ጥቁር ተማሪዎች ጋር ሆኖ የሆሊዉድን አተራረክ የሚቃወም እንቅስቃሴ ፈጠሩ፤ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስም ወጣለት። ለታርዛን ያጨበጨበው ልጅ ካሜራውን ገልብጦ ያዘ።

በአውሮፓም ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተደራጁ። መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ ማለትም መኢሶን፣ ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ ተመሠረተ። በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የሆነው ድርጅት ደግሞ ሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተወለደ። አንድ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ መፈክር ያሰሙ ወጣቶች በሁለት ጎራ ቆሙ። የኋላው ደም ዘር የተዘራው በእነዚያ የተማሪ ስብሰባዎች ነው።

አብዮቱ ጎንደር ሲደርስ

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ረሃቡን ለዓለም ሲያሳይ የቤተ መንግሥቱ ዝምታ ተጋለጠ። የካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ክረምት ኃይሌ ገሪማ ወደ አገሩ መጥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥቁርና ነጭ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ፊልሙ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብንና የባለርስቱን ሕይወት ይተርካል። ካሜራው የገበሬውን ቀን በገበሬው ፍጥነት ይከተላል፤ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ከእርሻ እስከ ደጅ ጥናት። በሥርዓቱ ላይ የመጨረሻው ምስክርነት የተያዘው ሥርዓቱ ሊወድቅ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ደርግ የተባለው የወታደሮች ምክር ቤት ሥልጣን ያዘ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ወደ ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. «ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ታወጀ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አሥር ዓመት ሰልፍ የተወጣለት ጥያቄ በአንድ አዋጅ ተመለሰ። ዘማቹ ገበሬውን አደራጀ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ ከባላባቱ ጋር ተፋጠጠ። ነገር ግን በሰሜን ጎንደር ደጋ ርስት ከሩቅ ባለርስት የሚገኝ አልነበረም፤ ገበሬው በአያት በቅድመ አያቱ ስም ተወላድቶ የሚካፈለው ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር የደቡቡን ጭሰኛ ነጻ ሲያወጣ፣ የወገራና የስሜን ገበሬ ግን መሬቱ ድሮም በእጁ ነበርና አዋጁን በጥርጣሬ ሰማው። ከተማ ያደገው ዘማች ይህን ልዩነት ለመማር ጊዜ አላገኘም።

መኳንንቱም ዝም አላሉም። ራስ መንገሻ ሥዩምና ቀድሞ የበጌምድር ገዥ የነበሩት ጄኔራል ነጋ ተገኝ የመሩት፣ ኢዲዩ የተሰኘው የደርግ ተቃዋሚ ድርጅት ከሱዳን ድንበር ተነሥቶ በ1969 ዓ.ም. ሁመራንና መተማን ያዘ። የጎንደር ከተማም የጦርነት ወሬ ከበባት። ደርግ ያሰለፈው የገበሬ ሚሊሻና ጦር ኢዲዩን መልሶ ገፋ። በከተማዋ ግን ከጠላት ጋር የተባለና ያልተባለ፣ የመኳንንት ወገንና የድሃ ተማሪ አብሮ የሚጠረጠርበት ወቅት ገባ።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በደርግ ውስጥ ተቀናቃኞቻቸው የነበሩትን ገድለው ሥልጣኑን ጠቀለሉ። ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ሰብረው በአብዮቱ ጠላቶች ላይ ዘመቻ አወጁ። ኢሕአፓም ቀደም ብሎ በከተማ የደርግና የመኢሶን ሰዎችን መግደል ጀምሮ ነበር። ደርግ የኢሕአፓን ግድያ «ነጭ ሽብር» ሲል፣ የራሱን «ቀይ ሽብር» ብሎ በአደባባይ ጠራው። መኢሶንም ብዙ አልቆየም፤ ከደርግ ጋር ተጣልቶ መሪዎቹ ታድነው ተያዙ፤ የድርጅቱ መሪ ኃይሌ ፊዳም በደርግ እጅ ጠፋ።

ጎንደር ላይ የዚህ ዘመን ስም የሻለቃ መላኩ ተፈራ ስም ነው። ደርግ ወደ ክፍለ ሀገሩ የላከው ይህ መኮንን በወጣቶች ላይ የፈጸመው ግድያ በከተማዋ ሰው አንደበት እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ስሙ በእናቶች ለቅሶ ግጥም ውስጥ ገብቶ ከዘመን ወደ ዘመን ተላልፏል። ወጣቱ ከቤቱ ይወሰዳል፤ እናት ስንቅ ይዛ እስር ቤት በር ላይ ትቆማለች፤ አንድ ቀን ስንቁ ይመለሳል። የስንቁ መመለስ መርዶ ነበር። በብዙ ቤት አስከሬን አልተሰጠም፤ ድንኳን ተጥሎ ማልቀስም ወንጀል ሆነ። የኢሕአፓ ወጣት አናርኪስት ተብሎ ስለሚጠራ ለአናርኪስት ያለቀሰ ራሱ ይጠረጠር ነበር። ለቅሶ ደራሽ የማይቀርባት፣ አርባና ሙት ዓመት የሚታሰብባት ጎንደር ልጆቿን በሹክሹክታ ቀበረች።

በምስጢር ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው ይጠፋል፤ መርማሪ ይመጣል፤ ፍንጭ ይለቀማል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ገዳዩ ይገለጣል። ጎንደር ግን መርማሪው ራሱ ተጠርጣሪ የሆነበት ታሪክ ውስጥ ገባች። ፋይሉን የያዘው ክፍል ገዳይም ነበር። ስለዚህ ፍለጋው ለእናቶችና ለተራኪዎች ቀረ።

ብዕር ሲመሰክር

ብርሃኑ ዘሪሁን በዚህ ሁሉ መካከል አገር ውስጥ ነበር። ከ1972 እስከ 1974 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት «ማዕበል»ን በሦስት ቅጽ አሳተመ፦ የአብዮት ዋዜማ፣ የአብዮት መባቻ፣ የአብዮት ማግሥት። የመጀመሪያው ቅጽ ወደ ወሎ ረሃብ ይመለሳል፤ አብዮቱ የፈነዳው በወታደር ካምፕ ወይም በተማሪ ሰልፍ ብቻ ሳይሆን በተራበ ገበሬ ሆድ መሆኑን ለማሳየት። አብዮቱ ገና ሳይሰክን፣ ሳንሱሩም ጠንክሮ ሳለ፣ የአንድን ዘመን ታሪክ በሦስት መጽሐፍ ለማዋቀር መነሣት ድፍረት ይጠይቃል። ሁሉን ማለት አይችልም ነበር። የቻለውን ያህል ግን የሰውን ፊት ከመፈክሩ ጀርባ አውጥቶ አሳየ። ለእኔ የ«ማዕበል» ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ሌላው የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ የነበረው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን አሳተመ። በአስመራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የቆመው ይህ ልብ ወለድ ስለላ፣ ፍቅርና ጦርነት የተዋሐዱበት ነው፤ አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን ባለሥልጣናት ወዲያው ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ምስጢር የጻፈው ደራሲ ራሱ ምስጢር ሆነ። ቤተሰቡም፣ አንባቢውም እስከ ዛሬ የሚጠይቀው የጎንደር እናቶች የጠየቁትን ነው፦ የት ደረሰ?

ከዚህ በኋላ የአማርኛ ደራሲ ስለ ዘመኑ በቀጥታ ለመጻፍ ሁለቴ ማሰብ ነበረበት። ብርሃኑ በ1978 ዓ.ም. ያሳተመው «የታንጉት ምስጢር» ወደ ቴዎድሮስ ዘመን መመለሱ ከዚህ አየር ተነጥሎ አይታይም። ከሃያ ዓመት በፊት የንጉሡ ሳንሱር ወደ ታሪክ እንደገፋው፣ አሁን ደግሞ የወታደሩ ሳንሱር ባለበት ጊዜ ያንኑ በር አንኳኳ። ጎንደር፣ ቋራ፣ ደብረ ታቦርና መቅደላ እንደገና መጠጊያው ሆኑ። በኃይል የሚገዛ፣ አገር የሚወድና ሰው የሚፈጅ ንጉሥ ታሪክ በ1978 ዓ.ም. ለሚያነብ ሰው የሩቅ ታሪክ አልነበረም። ብርሃኑ ከዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.፣ ዐረፈ። ደርግ ሲወድቅ አላየም፤ የቀይ ሽብርን ታሪክ ያለ ሳንሱር የሚጽፍበት ቀን ሳይደርስለት ቀረ።

በእነዚያ ዓመታት የጎንደር ገጠር ጦርነት አላጣም። ከትግራይ አሲምባ የተገፋው የኢሕአፓ ሠራዊት ወደ ጎንደር ቆላ ተሻግሮ እስከ ደርግ መጨረሻ ድረስ ተንቀሳቀሰ። በየመንደሩ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። በ1960ዎቹ ለሐሳቡ የሞተ ወጣት ታናሽ ወንድሙ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተገዶ ሞተ። ጎንደር በ1983 ዓ.ም. ከደርግ እጅ ወጣች፤ ግንቦት 20 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ።

ዐጥንትና ፊልም

ከለውጡ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተከፈቱ። በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ የጠፉ ወጣቶችን ዐጥንት በመለየት የታወቀው የፎረንሲክ ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ ረዳ። በልዩ ዐቃቤ ሕግ የተመሠረተው ክስ ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ ፍርዱ የተሰጠው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ዋናው ተከሳሽ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዚምባብዌ ተቀምጠዋል። መላኩ ተፈራም ሞት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ተለውጦለት፣ ከብዙ ዓመታት እስር በኋላ ተፈታ። ችሎቱ ብዙ ሰነድና ብዙ ምስክር አሰባስቧል። ለሕግ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ለእናት ጥያቄ ግን ሁልጊዜ መልስ አልነበረውም፤ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም የሚጎበኘው መቃብር የለውም።

ከዚያ ኃይሌ ገሪማ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቷል፤ «ሳንኮፋ» የተሰኘው ስለ ባርነት የሠራው ፊልም በዓለም አሳውቆታል። ስለ ራሱ ትውልድ የሚተርከውን ፊልም ለማጠናቀቅ ግን 14 ዓመት ፈጀበት። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቀ። በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የአፍሪካን ከፍተኛ የፊልም ሽልማት ወሰደ።

የ«ጤዛ» አወቃቀር የምስጢር ታሪክ አወቃቀር ነው። አንበርብር የተባለ የተማረ ሰው በደርግ መጨረሻ ዓመታት በጣና ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል። እንዴት እንዳጣው ግን ማስታወስ አይችልም፤ አእምሮው ያለፈውን ዘግቶበታል። እናቱ ታስታምመዋለች፣ ጠበል ትወስደዋለች፣ መንደርተኛው ይሟገትበታል። ትዝታው ቁርጥራጭ እየሆነ ይመጣል፦ በጀርመን አገር የተማሪ ስብሰባ፣ ክርክርና መዝሙር፤ ከዚያ አብዮታዊት አዲስ አበባ፣ የጓደኛው የተስፋዬ አሟሟት፤ በመጨረሻም በምሥራቅ ጀርመን የዘረኞች ጥቃት። ተመልካቹ ፍንጭ ይለቅማል፤ መርማሪውም፣ ተጎጂውም፣ ምስክሩም አንበርብር ራሱ ነው። በመንደሩ ኮረብታ ላይ የጣሊያን ሐውልት ቆሟል፤ ጎረምሶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ሦስት ትውልድ በአንድ መንደር ይገናኛል፦ ጣሊያንን የተዋጋው፣ ለአብዮት የሞተው፣ ለማያውቀው ጦርነት የሚታፈሰው።

የጀርመኑ ነገር ለጎንደር ሰው ተረት አይደለም። በ1970ዎቹ መባቻ በጎንደር የሕክምና ትምህርት ሲጀመር አጋሩ የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1947 ዓ.ም. አካባቢ በጤና ጥበቃ ኮሌጅነት የተጀመረው ተቋም ሐኪም ማፍራት የጀመረው በሶሻሊስት ወዳጅነት ነው። አንዱ ወጣት በሶሻሊዝም ስም ሲገደል ሌላው በዚያው ስም ስቴቶስኮፕ ያዘ። ኃይሌ ይህን ተቃርኖ አልሸሸም። ፊልሙ ደርግን ይከስሳል፤ ያንን ትውልድም በሐሳብ ልዩነት ጓደኛውን ለመግደል መነሣቱን በግልጽ ይነግረዋል። ከጀግና አምልኮም ከጅምላ ኩነኔም ርቆ መቆሙ ነው የ«ጤዛ» ኃይል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በውጭ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በሥቃይ የተጎዳች ልጅ እንዲያድን ወታደሮች ያመጡለትን የአዲስ አበባ ሐኪም ይተርካል። ሕይወት ተፈራ የኢሕአፓ ወጣትነቷን በትዝታ መጽሐፍ ጻፈች። ከ«ጤዛ» ቀደም ብለውም ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን፣ አንዳርጋቸው አሰግድ የመኢሶንን ታሪክ ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አይዳ እደማርያም የጎንደሯን አያቷን ረጅም ሕይወት፣ ከንጉሥ ዘመን እስከ አብዮቱና ከዚያም ወዲህ፣ በእንግሊዝኛ አሳተመች፤ መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር የኦንዳቼን ሽልማት አገኘ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ።

እነዚህን ሥራዎች በተርታ ላያቸው አንድ ነገር ይገለጥልኛል። ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት፣ መቃብር ከመከፈቱ በፊት፣ ያ ዘመን ያጠፋቸውን ሰዎች ጉዳይ ክፍት አድርጎ የያዘው ትረካ ነው። ብርሃኑ በሳንሱር ውስጥ፣ በዓሉ በሕይወቱ፣ ኃይሌ በስደት ጠብቀውታል። ታሪካዊ ልብ ወለድና ፊልም የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆነው የሚታዩበት አገር አለ፤ በእኛ አገር ግን የምስክርነት ቦታ ሆነው አገልግለዋል።

የሚቀረው ግን ብዙ ነው። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል የተጻፈው ከአዲስ አበባ፣ ከአሲምባና ከውጭ አገር ተነሥቶ ነው። የዳባትና የደባርቅ ዘማች፣ የጎንደር የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ስንቅ ይዛ የቆመች እናት፣ የቀበሌ ጥበቃ የነበረው ሰው ጭምር የሚያውቁት ገና አልተጻፈም። በ1969 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ሰባ ሊደፍን ተቃርቧል። እናቶቹ አብዛኞቹ አልፈዋል። ስለዚህ ቤታችሁ የጠፋ ወንድም፣ የተመለሰ ስንቅ፣ የተደበቀ ደብዳቤ ያለ ሁሉ፣ ስሙን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የተወሰደበትን ቀን ጻፉ፤ ትልልቆቹን ዛሬ ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅረጹ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም፣ ወጣት ደራሲውም ይህን ማሰባሰብ እንደ ግዴታ ይቁጠሩት። ልብ ወለዱ በኋላ ይመጣል፤ ምስክሩ ግን ከሄደ አይመለስም።